ለዲዝኒ የትኛው የልጅ ጋሪ? ከመጠን ገደቡ እስከ ማታው አውቶቡስ

ዲዝኒ መዝናኛ ፓርክ ጠዋት ላይ ስትገቡ ሁሉም የልጅ ጋሪ ጥሩ ነው። ልጁ እንቅልፉን ጠግቧል። በእግሬ ካልሄድኩ ይላል። ጋሪው ላይ ያለው ውሃና ኮፍያ ብቻ ነው። ፈተናው የሚመጣው ማታ ነው። ርችቱ አልቋል፣ ሕዝቡ በሙሉ ወደ አንድ በር ይጎርፋል። ልጁ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። እየገፋችሁ አውቶቡሱ ወረፋ ላይ ስትደርሱ ደግሞ «ጋሪውን እጠፉት» ትባላላችሁ። በአንድ እጅ የተኛ ልጅ፣ በሌላው እጅ ጋሪ፣ ትከሻ ላይ ቦርሳ።

ጋሪ መመረጥ ያለበት ለዚያች ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ወላጅ ግን የሚመርጠው ለጠዋቱ ነው። ሰፊውን፣ ምቹውን፣ ዕቃ የሚይዘውን። ከታች የማወዳድራቸውን ሁሉ የምመዝነው በማታው ሰዓት ነው።

ጋሪ ስል ስትሮለር ማለቴ ነው። የማወራውም በዋናነት ስለ ሁለቱ የአሜሪካ ዲዝኒዎች ነው። አንዱ ፍሎሪዳ ያለው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ነው፣ ማጂክ ኪንግደምን፣ ኤፕኮትን፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስንና አኒማል ኪንግደምን የያዘው። ሌላው ካሊፎርኒያ ያለው ዲዝኒላንድ ነው፣ ሁለት ፓርኮች ፊት ለፊት የተቀመጡበት። ሌሎች ፓርኮች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ስለዚህ ወደ ሌላ የምትሄዱ ከሆነ የዚያን ፓርክ ሕግ ለብቻው አንብቡ።

መጀመሪያ ሜትር አውጡ

እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በሁለቱም ቦታ ወደ ፓርክ የሚገባ ጋሪ ወርዱ ከ31 ኢንች፣ ርዝመቱ ከ52 ኢንች መብለጥ የለበትም። በሴንቲሜትር 79 በ132 ማለት ነው። ከዚያ በፊት የሚፈቀደው ወርድ 36 ኢንች፣ ማለትም 91 ሴንቲሜትር ገደማ ነበር። ርዝመቱ አልተነካም። ዋገን የሚባለው ሳጥን መሳይ ጋሪም በዚያው ቀን ሙሉ በሙሉ ታገደ። የሚጎተተው ቀድሞም አይፈቀድም ነበር። አሁን እንደ ስትሮለር የሚገፋውም ተጨመረበት። ፓርኩ ውስጥ የነበሩት የማጨሻ ቦታዎችም አብረው ተነሡ።

ጊዜው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያው ወር መጨረሻ፣ ሜይ 31፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በስታር ዋርስ ፊልሞች የተሠራው አዲሱ ሰፈር ተከፈተ። ፍሎሪዳ ላይ ደግሞ ኦገስት 29 ተከፈተ። ጎርፍ የሚያህል ሕዝብ ይጠበቅ ነበር። መንገዱ ይጠባል ብሎ ያልፈራ አልነበረም።

ክርክሩ ያን ጊዜ ጦፈ፣ እስካሁንም አልበረደም። አንዱ ወገን «ፓርኩ የተሠራው ለልጆች አይደለም እንዴ? ጋሪ ካልገባ ምን ሊገባ ነው?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ቁርጭምጭሚቴ በጋሪ ተቀጥቅጦ አለቀ» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን በወርዱ ጉዳይ ከሕጉ ጎን ነኝ። ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ።

ሁለት 91 ሴንቲሜትር የሚሰፉ ጋሪዎች ጎን ለጎን ሲተላለፉ 182 ሴንቲሜትር ይይዛሉ። በአዲሱ ገደብ ግን 158 ነው። የተረፈችው 24 ሴንቲሜትር ለአንድ ትንሽ ልጅ ማለፊያ ትሆናለች። ማቆሚያውንም አስቡት። 100 ትልልቅ የድሮ ጋሪዎች 120 ካሬ ሜትር ይፈልጋሉ። በአዲሱ ገደብ 104 ይበቃቸዋል። ሌላም ነገር አለ። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ በር ሲከፈት ቢያንስ 32 ኢንች ክፍት ስፋት እንዲኖረው ይጠይቃል። 31 ኢንች የሆነ ጋሪ በዚያ በር ያልፋል። 36 የሆነው ይቀረቀራል። የሱቅና የምግብ ቤት በር ላይ ለሚገፋው ወላጅም ትልቅ እፎይታ ነው።

ታዲያ ጋሪያችሁን ስትለኩ ወንበሩን አትለኩ። በጣም የሚሰፋው ብዙውን ጊዜ የኋላ ጎማው ላይ ነው። ከጎን የተሰካ የኩባያ መያዣ ካለም እሱን ጨምራችሁ ለኩ። ርዝመቱን ደግሞ ከፊት ጎማ ጫፍ እስከ መግፊያው ያዙ። መግፊያው የሚረዝምና የሚያጥር ከሆነ በሁለቱም አኳኋን ለኩት። ከኋላ የሚጨመረው መቆሚያ ሰሌዳ፣ ትልቁ ልጅ ቆሞ የሚሄድበት ማለቴ ነው፣ ርዝመቱን ይጨምራል። ካታሎጉ ላይ የተጻፈውን ብቻ አምናችሁ አትሂዱ። ከበር ላይ መመለስ በጣም ያሳዝናል። ልጆቹ ግንቡን በሩቅ እያዩት!

አንድ ልጅ ላላችሁ

እዚህ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ለአንድ ልጅ የሚሠራ ጋሪ ሁሉ ለማለት ይቻላል ከገደቡ በታች ነው። ምርጫው በሦስት ዓይነት መካከል ነው።

አንደኛው ትልቁ፣ ባለ ወፍራም ጎማው ነው። አስፋልት ላይ እንደ ቅቤ ይሄዳል፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ከሥሩ ያለው ቅርጫት የቀን ስንቅ ይችላል። ሲታጠፍ ግን ግማሽ አልጋ ያክላል። ክብደቱም ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው እንደ ዣንጥላ የሚታጠፈው ቀላሉ ነው። ርካሽ ነው፣ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። ግን አብዛኛው ጀርባው አይተኛም፣ ጥላው ጠባብ ነው፣ ቅርጫትም የለው። ቦርሳ መግፊያው ላይ ስታንጠለጥሉ ልጁ ከተነሣ ወደ ኋላ ይገለበጣል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ሦስተኛው መንገደኛ ጋሪ የምንለው ነው፣ አውሮፕላን ውስጥ እንዲገባ ተብሎ የተሠራው። ለምሳሌ ቤቢዘን ዮዮ ሲታጠፍ 52 በ44 በ18 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ ክብደቱ 6 ኪሎ ገደማ ነው። ጂቢ ፖኪት የተባለው በ2014 ታጥፎ ትንሽ በመሆን የዓለም ክብረ ወሰን ይዟል። 30 በ18 በ35 ሴንቲሜትር ነው። የእነዚህ ዋጋ ከዣንጥላው ዓይነት በጣም ይበልጣል። ያገለገለ ማግኘት ግን አይከብድም።

እኔ ያለ ማመንታት ሦስተኛውን እመርጣለሁ። በማታው አውቶቡስ የሚረታው የለም። በአንድ እጅ ይታጠፋል፣ በትከሻ ይያዛል፣ ከመቀመጫ ሥር ወይም ከእግር አጠገብ ይገባል። አንድ ነገር ብቻ አረጋግጡ። ጀርባው የሚተኛ ይሁን። የማይተኛ ጋሪ ላይ ያንቀላፋ ልጅ አንገቱ ወደ ጎን ተሰብሮ ስታዩት ልባችሁ ይሰበራል። ትልቁን ባለ ወፍራም ጎማ የምመክረው በመኪና ለሚመጡና ማታ እስከ መኪናቸው ድረስ ሳያጥፉ ሊገፉ ለሚችሉ ነው። ኤፕኮትም ሆነ ዲዝኒላንድ አጠገብ፣ በእግር ደርሶ መልስ በሆነ ሆቴል ለሚያርፉም እንዲሁ።

ሁለት ልጅ ሲሆን

ዋናው ራስ ምታት ይሄ ነው። የመጠን ገደቡ የሚነካውም በተለይ እነዚህን ቤተሰቦች ነው።

ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ጋሪ አብዛኛው 30 ኢንች ገደማ ስለሚሰፋ ለጥቂት ያልፋል። ለሩጫ የተሠሩት ባለ ትልልቅ ጎማዎች ግን አንዳንዶቹ ከ31 ያልፋሉ፣ ስለዚህ መለካት ግድ ነው። የዚህ ጋሪ ጥሩ ጎኑ አነዳዱ ነው። ሁለቱም ልጆች እኩል ያያሉ፣ በቀላሉ ይዞራል፣ ክብደቱ መሀል ላይ ነው። መጥፎ ጎኑ ሕዝብ ውስጥ ነው። ሠልፍ ትርኢት ሲያልፍ መንገዱ ግማሹ በገመድ ይዘጋል። በቀረችው ስርጥ 76 ሴንቲሜትር ይዞ ማለፍ ትዕግሥት ይፈልጋል። እህትና ወንድምም ጎን ለጎን ሲቀመጡ መጎሻሸማቸው አይቀርም።

ፊትና ኋላ የሚያስቀምጠው ጠባብ ነው፣ እንደ አንድ ልጅ ጋሪ ይሾልካል። ርዝመቱ ግን ወደ 52 ኢንቹ ሊጠጋ ይችላል። ወርዱን ብቻ ለክተው ርዝመቱን የሚረሱ ብዙ ናቸው። ወደ እግረኛ መንገድ ለማውጣት መግፊያውን ወደ ታች ተጭናችሁ ፊቱን ማንሣት አለባችሁ፣ ሁለት ልጅ ሲኖርበት ክንድ ይፈልጋል። ሲታጠፍም ትልቅ ሆኖ ይቀራል። እኔ ይህን ለፓርክ አልመክርም። ሕፃኑ በመኪና ወንበሩ እዚያው ላይ የሚገጠምለት ከሆነ ብቻ ነው የምረዳው።

ዋገኑስ? ታግዷልና ምርጫ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ግን የሚወደው በምክንያት ነው። ሦስት ልጅ ይይዛል፣ ጥላ አለው፣ ልጆች ተጋድመው ይተኙበታል። በተለይ ጫጫታና ግፊያ የሚያስጨንቃቸው ልጆች ያሏቸው ወላጆች ዋገኑን እንደ ትንሽ ቤት ነበር የሚጠቀሙበት። እነሱ ሲከፋቸው ልክ ነበሩ። ለእነሱ የቀረው መንገድ ሌላ ነው። አካል ጉዳት ላለበት ወይም በሰልፍ ውስጥ ጋሪው ላይ መቆየት ለሚያስፈልገው ልጅ ከእንግዶች አገልግሎት ቢሮ ቀይ መለያ ይሰጣል። መለያው ጋሪውን እንደ ተሽከርካሪ ወንበር ያስቆጥረዋል፣ ከነልጁ ወደ ወረፋው ይገባል። ለሌላው ሰው ጋሪ ወረፋ ውስጥ አይገባም። ለልጃችሁ የሚያስፈልግ ከሆነ ሳታፍሩ ጠይቁ፣ ጠዋት እንደገባችሁ። መለያው ቢኖርም ጋሪው ያው በመጠን ገደቡ ውስጥ እንዲሆን ሆኖ ነው የሚመረጠው።

የእኔ ምርጫ ምን ይሁን? ሁለት አዋቂ ካላችሁ፣ አንዱ ልጅ ጨቅላ ሌላው የሚሮጥ ከሆነ፣ ድርብ ጋሪ አትውሰዱ። ለትልቁ አንድ ቀላል ጋሪ፣ ለትንሹ አንቀልባ። ጨቅላው ደረት ላይ ይተኛል። ወረፋም ውስጥ አብሮ ይገባል፣ ጋሪው ግን አይገባም። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ቁመት የማይጠየቅባቸው ጨዋታዎች ላይ ወረፋው ግማሽ ሰዓት ቢሆን ያን ግማሽ ሰዓት ሕፃኑን በክንዳችሁ ነው የምትይዙት። አንቀልባ ከሌለ ክንድ ይዝላል። ሙቀቱ ግን ለሁለታችሁም ነው። በፍሎሪዳ የሐምሌ ቀትር ደረት ላይ ሕፃን አስሮ መዋል ላብ በላብ ያደርጋል። ስለዚህ ስስ ጨርቁን ምረጡ፣ ቀትሩን ጥላ ውስጥ አሳልፉ።

ብቻችሁን ሁለት ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ወይም ሁለቱም ቀን የሚተኙ ከሆነ ግን ጎን ለጎኑን ውሰዱ። እዚያ ላይ አልከራከርም።

ይዞ መሄድ፣ እዚያ መከራየት፣ ከውጭ መከራየት

የራስን ጋሪ ይዞ መሄድ ርካሹ ነው። የአሜሪካ ዋና ዋና አየር መንገዶች ጋሪ ያለ ክፍያ ይወስዳሉ። ልጁ ያውቀዋል፣ በአውሮፕላን ጣቢያውም ያገለግላችኋል። ስጋቱ መሰበር ነው። ዕቃ ክፍል የገባ ጋሪ ጎማው ተጣሞ ሊወጣ ይችላል። ውድ ጋሪ ካላችሁ በከረጢት አድርጉት፣ ወይም ቤት ተዉት።

ፓርኩ ውስጥ የሚከራየው ጋሪ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ጎማው ይዞራል፣ ፀሐይ ይከላከላል፣ ያ ብቻ ነው። ጀርባው አይተኛም። ጨቅላ ሕፃን የሚቀመጥበት አይደለም። ለአንድ ልጅ የሚሆነው እስከ 50 ፓውንድ፣ ማለትም 22 ኪሎ ተኩል ገደማ ይችላል። ስለዚህ ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ ይበቃል። ፍሎሪዳ ላይ ዋጋው ለአንድ በቀን 15 ዶላር፣ ለድርብ 31 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። ለብዙ ቀን አንድ ጊዜ ለሚከፍል በቀን 13 እና 27 ይሆን ነበር። ዋጋ ስለሚቀየር ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ። በአንድ ቀን ወደ ሌላ ፓርክ ብትዛወሩ ደረሰኙን አሳይታችሁ እዚያ ሌላ ትወስዳላችሁ፣ ድጋሚ አትከፍሉም። ደረሰኙን አትጣሉት።

ትልቁ ጉድለቱ ከፓርኩ በር አይወጣም። እንግዲህ ማታውን አስቡ። ልጁ ተኝቷል፣ ጋሪውን በር ላይ ትመልሳላችሁ፣ ከበሩ እስከ አውቶቡስ ወይም እስከ መኪና በክንድ ነው። ማጂክ ኪንግደም ላይ መኪና ያቆመ ሰው ከበሩ ወጥቶ ሞኖሬል ወይም ጀልባ ይይዛል፣ ከዚያም እስከ መኪናው ይሄዳል። 20 ኪሎ የተኛ ልጅ ተሸክሞ! በሌላ በኩል የሚታጠፍ ነገር ስለሌላችሁ አውቶቡስ ላይ ቀላል ነው። ሁልጊዜ የሚራመድ፣ ቀትር ላይ ብቻ የሚደክመው ልጅ ካላችሁ ይህ ጥሩ ነው። ማታ ሳይመሽ የሚወጡ ቤተሰቦችም ይጠቀሙበታል። ካሊፎርኒያ ላይ የሚከራየውን ወደ ሁለቱም ፓርክ ይዞ መግባት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ አጠገቡ ወዳለው ዳውንታውን ዲዝኒ የተባለ የገበያ መንደር ግን አያልፍም።

ሦስተኛው መንገድ ከውጭ አከራይ ነው። ከአራት ቀን በላይ ለሚቆዩ ብዙውን ጊዜ ከፓርኩ ኪራይ ይረክሳል። ጋሪው የተሻለ ነው፣ ይተኛል፣ የዝናብ ላስቲክ አለው፣ ሆቴል ድረስ አብሯችሁ ይመጣል። መጠኑም አስቀድሞ በገደቡ ልክ ነው፣ አከራዮቹ ሕጉን ያውቃሉና። አንድ ነገር ልብ በሉ። ዲዝኒ ሆቴል የምታርፉ ከሆነ ከዲዝኒ ጋር የተዋዋለው አከራይ ብቻ ነው ጋሪውን ለሆቴሉ ዕቃ ጠባቂ ትቶ መሄድ የሚችለው። ከሌላው በአካል ተገኝታችሁ ትቀበላላችሁ፣ በአካል ትመልሳላችሁ። በረራችሁ ንጋት ላይ ከሆነ ይህ ችግር ነው።

እኛ አንድ ጊዜ ከአንድ አከራይ የወሰድነው ጋሪ የፊት ጎማው ወደ ቀኝ ይጎትት ነበር። የተቀበልነው በችኮላ ነው፣ ልጆቹ እያለቀሱ። ያን ቀን ሙሉ ጋሪውን ወደ ግራ እየታገልኩ ዋልኩ፣ ማታ የእጄ አንጓ አብጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስቀበል ሦስት ነገር ሳላይ አልፈርምም። ቀጥ ብሎ ይሄዳል? ፍሬኑ ይይዛል? መታጠፊያው ሳይታገል ይዘጋል?

ልጁ ትልቅ ነው፣ ጋሪ ያስፈልገዋል?

ከመጠኑ ይልቅ ሰዉ የሚጣላበት ይህ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ጋሪ ላይ ሲያዩ የሚያጉረመርሙ አሉ። «እግር የለውም እንዴ?» ይላሉ። እኔ ይህን መስማት ያመኛል።

ኤፕኮት ሐይቁን የሚዞረው መንገድ ብቻ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ነው። ያ የፓርኩ ግማሽ ነው እንጂ ሁሉም አይደለም። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ሳይደክመው የሚሄድ ልጅ ቢሆንም፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ሙቀት ላይ መቆም ግን ሌላ ነገር ነው። የአዋቂ አንድ እርምጃ ለእሱ ሁለት ነው። ጋሪው ለሰነፍ ልጅ የተሠራ አይደለም። የደከመ ልጅ የሚያርፍበት፣ ከሕዝብ መሀል እንዳይጠፋ የሚያዝበት፣ ከፀሐይ የሚከለልበት ነው። በጋሪ የሚገፋ ልጅ ርችቱን ያያል። በእግሩ የዋለው ከመሸ በኋላ ያለቅሳል።

ስለዚህ ዕድሜን አትቁጠሩ። ይህን ጠይቁ። ቤት ስትሆኑ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚተኛው? እናንተ ከፓርኩ ስንት ሰዓት ልትወጡ አስባችኋል? ከመኝታ ሰዓቱ በኋላ የምትቆዩ ከሆነ ጋሪ ያዙ፣ ሰባት ዓመትም ቢሆን። ከመኝታ ሰዓቱ በፊት የምትወጡ ከሆነና ልጁ ከአምስት ካለፈ ሳይኖር ይቻላል። ቀትር ላይ ወደ ሆቴል ተመልሳችሁ ካረፋችሁማ የበለጠ።

ያም ሆኖ የጋሪ ገፊዎች ግዴታ አለብን። የሚሄደውን ሰው ተረከዝ አትከተሉ። ፎቶ ለማንሣት መሀል መንገድ ላይ አትቁሙ፣ ወደ ጥግ ውጡ። ባዶ ጋሪ ይዞ ሕዝብ መሀል መጋፋት ደግሞ ነውር ነው፣ አቁሙት።

የመጓጓዣው ጉዳይ

ይህን ሳያውቁ ጋሪ መምረጥ ስሕተት ነው። ፍሎሪዳ ላይ ሞኖሬሉ፣ ትልቁ ጀልባና ስካይላይነር የተባለው የገመድ ጋሪ የልጁን ጋሪ ሳይታጠፍ ይቀበላሉ። ስካይላይነር ሴፕቴምበር 29 ቀን 2019 ነው የጀመረው። ለወላጅ እንደሱ የተመቸ የለም። ልጁን ሳትቀሰቅሱ ገፍታችሁ ትገባላችሁ። ለመኪና ማቆሚያው የሚያመላልሰው ትራም ግን ይታጠፍ ይላል። አውቶቡሱም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ።

እንግዲህ ሆቴላችሁ ስካይላይነር ወይም ሞኖሬል ላይ ከሆነ ትልቁን ምቹ ጋሪ መያዝ ትችላላችሁ። አውቶቡስ ብቻ ከሆነ ግን ወደ ትንሹ ውረዱ። ብዙ ሰው ሆቴሉን በዋጋ ይመርጣል፣ ጋሪውን በመልክ ይመርጣል፣ ሁለቱ የሚገናኙት ማታ አውቶቡስ በር ላይ ነው።

ስታቆሙት

ወረፋ ስትገቡ ጋሪው ውጭ፣ በተመደበለት ቦታ ይቀራል። ስትመለሱ ካቆማችሁበት ላይኖር ይችላል። አትደንግጡ፣ ሠራተኞቹ ቦታ ለማስተካከል ያንቀሳቅሱታል። በሰንሰለት ከአጥር ጋር አትሰሩት፣ ሥራቸውን ታከብዳላችሁ። ይልቅ ደማቅ ጨርቅ እሰሩበት። መቶ ተመሳሳይ ጥቁር ጋሪ መሀል የራስን መፈለግ ቀላል አይደለም። ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ ካሜራ ይዛችሁ ግቡ። ዳይፐርና መለወጫ ልብስ ይቅር።

ፍሎሪዳ በሙቀቱ ወራት ከሰዓት በኋላ ዝናብ አለው። የዝናብ ላስቲክ ጋሪው ላይ አልብሳችሁ ግቡ፣ ሰማዩ ጠራ ብላችሁ አትዘናጉ። ፀሐዩን ለመከላከል ግን ብርድ ልብስ ጋሪው ላይ አታልብሱ። አየር ይታፈናል፣ ውስጡ ቶሎ ይግላል፣ ለሕፃን አደገኛ ነው። ሰፊ ጥላ ያለው ጋሪ ምረጡ፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማራገቢያ ሰኩለት።

ትልቁ ልጅ ቁመቱ ለደረሰ፣ ትንሹ ላልደረሰ ጨዋታ ደግሞ ራይደር ስዊች የሚባል አሠራር አለ። ለምሳሌ የሰባቱ ድንኮች ባቡር 38 ኢንች፣ 97 ሴንቲሜትር ይፈልጋል። አንዱ ወላጅ ከትልቁ ጋር ወረፋ ይገባል፣ ሌላው ከትንሹ ጋር ውጭ ይቆያል። ከዚያ ይለዋወጣሉ፣ ሁለተኛው እንደገና ሙሉውን ወረፋ አይቆምም። ትንሹን ማስተኛት የሚቻለው በዚህ ሰዓት ነው። ጋሪው ጀርባው የሚተኛ ይሁን ያልኩት ለዚህም ነው። በየፓርኩ የሕፃናት መንከባከቢያ ቤትም አለ። ማጥቢያ፣ መለወጫ፣ ማብሊያ ወንበር ያለው፣ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ቦታ ነው። ጠዋት ካርታው ላይ አስቀድማችሁ ፈልጉት።

ጋሪ ከመግዛታችሁ ወይም ከመያዛችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ማታ ልጁ ቤት ሲተኛ ቀስ ብላችሁ ትከሻችሁ ላይ አንሡት። በቀረችው አንድ እጅ ጋሪውን እጠፉት፣ ከዚያም አንሥታችሁ ደረጃ ላይ ሦስት እርምጃ ውጡ። ልጁ ሳይነቃ ከቻላችሁ ያ ጋሪ ይሄዳል። ካልቻላችሁ ቀለል ያለ ፈልጉ፣ ወይም ሆቴላችሁን ስካይላይነር ወዳለበት አዛውሩት።